የሽቦዋ ጫፍ

መኪናዋ ቁልፍ ሲዞርባት ጭራሽ ትንፍሽ አላለችም። ኤሌክትሪሺያኑ ባትሪዋን ለካ፤ ደህና ነው። ፊውዞቹንም እየነቀለ አየ፤ ደህና ናቸው።

«ቶሎ በልልኝ ወንድሜ፤ ሙሽራ ይዘናል፤ ሳይመሽ ማድረስ አለብኝ» አለው ባለመኪናው፣ በአገጩ ወደ ኋላ ወንበር እየጠቆመ። እዚያ የተቀመጠችው ሴት ልጁ አሥራ አራት ዓመት ቢሞላት ነው። ሂና ከተቀባው ጣቷ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ገና አልለቀቀም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ባትነሳስ?» አለችው ኤሌክትሪሺያኑን ቀስ ብላ።

«አይዞሽ፤ እኔ ነክቻት ያልተነሳች መኪና የለችም።»

ከመሪው ሥር ገብቶ የተበጠሰች ሽቦ አገኘ። ጫፏን ቆርጦ ጣለና ቀጠላት፤ ሞተሩ ተነሳ። ደንበኛ እንዳይጠረጥረው የተበላሸውን ዕቃ ሁልጊዜ ያሳያልና፣ ጫፏን ከወለሉ አንስቶ ለአባትየው ሰጠው።

«አይጥ ነው አይደል?»

«አይጥማ ያኝካል። ይቺ በመቀስ ነው የተቆረጠችው፤ ያውም ዛሬ» አለ ኮራ ብሎ።

አባትየው ሽቦዋን አገላብጦ አያትና ኪሱ ከተታት። ገብቶ መሪውን ያዘ፤ በመስታወቱም ወደ ኋላ ተመለከተ። ልጅቷ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደበቀች።

ኤሌክትሪሺያኑ የሆነ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት፣ አራቱም በሮች ባንዴ ቀጭ ብለው ተቆለፉ።