ስምንተኛው ጡረተኛ

የኮምፒውተር ባለሙያው ናሆም ባለፈው ሚያዝያ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ጋሼ፣ በስድስተኛ ክፍል ትምህርት ኮምፒውተር አይነካም!» ያላቸውን ነገር የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ይርዳው በቂም ይዘውታል። ዛሬ ያው ናሆም አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ስልሳ ሞልቷቸው ጡረታ የሚወጡት ስምንት ናቸው ተብሏል። የሠራሁት ፕሮግራም ግን ሰባት ብቻ ያወጣል።»

«ማሽን አይሳሳትም ስትል አልነበር?»

«አያሹፉብኝ እንጂ! ከመስከረም እስከ ነሐሴ የተወለደውን ሁሉ እንዲፈልግ አዝዤዋለሁ። አሥራ ሁለቱንም ወር!»

«አሥራ ሁለቱንም?»

«አንድ አልቀረኝም። ስምንተኛው ሰውዬ የት ገባ ይላሉ?»

ጋሽ ይርዳው በመጪው ጳጉሜ ሦስት ስልሳ ይሞላቸዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ኮፍያቸውን ደፉና ወደ ምሳቸው ሄዱ።