ስንዱ ለሐይቁ የሰጠችው

ዝዋይ መድረቅ ከጀመረ ወዲህ ውኃው የሚመለሰው ዳር ቆመው ሙዚቃ ሲጫወቱለት ብቻ ነው። የተጫወቱበት ነገር ግን ከዚያ በኋላ ድምፅ አይወጣውም። ሙዚቀኛዋ ስንዱ አምና ሙቀጫዋን ወስዳ ወቀጠችበት፤ ዘንድሮ የቤቷን በር ነቅላ ወስዳ አንኳኳችው። አሁን ቤቷ ሰው ሲገባ አይሰማም። ውኃው ግን እንደገና ሸሸ።

ስንዱ ከያዘች አትለቅም። ዛሬ ባዶ እጇን ስትነሣ ባሏ፣ "በምን ልትጫወቺ ነው?" አላት።

"ልዘፍን ነው።"

ባሏ አንገቱን ደፋ። እሷ ደጃፍ ቆማ ልጇን ጠራች፦ "ሊዲያ!"

ልጅቷ ከጓሮ ሮጣ መጣች። "አቤት እማዬ?"

"ምንም። ሂጂ ተጫወቺ።"

ጥቂት እስክትርቅ ጠበቀችና እንደገና ጠራቻት።