ዋሱ

አዛውንቱ ወደ ቅዱሱ ደን ከመግባታቸው በፊት፣ «ጸሎታችን አይቀረጽም፤ ማሽንህን አጥፋው፣ ልጄ» አሉት።

«አጥፍቻለሁ፣ አባባ። ቃሌ ነው።»

የዘጋቢ ፊልሙ አዘጋጅ ካሜራውን በእርግጥ ዘጋ፤ በጋቢያቸው ጠርዝ ላይ የሰካላቸውን ትንሽ ማይክሮፎን ግን አልነካውም። ያለዚህ ጸሎት ፊልሙ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አልነበረውም።

ጸሎቱ በአካባቢው ቋንቋ ስለነበር፣ በማግስቱ ጠዋት የተቀረጸውን ለአስተርጓሚው አሰማው። አስተርጓሚው ጥቂት እንዳዳመጠ ፊቱ ጠቆረ።

«ዝናብ ነው የሚለምኑት?»

«አይደለም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ ‹እንግዳው ዋሽቶን ቢሆንስ?› እያሉ ይጠይቋቸዋል።»

«እሳቸውስ?»

«‹ዋሱ እኔ ነኝ፤ ዋሽቶ እንደሆነ ቅጣቱ በእኔና በልጆቼ ላይ ይውረድ› ብለው ማሉ።»

አዘጋጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያማ ሁሉም በአንድነት ‹ይሁን› አሉ።»