እንግዳው ቡድን

ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ሊግ ከመሠረቱ ወዲህ፣ የጉዞ ገንዘብ ያጡት ትንንሽ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውጤት የሚወጣው በኮምፒውተር ስሌት ነው። የልጆቹ ብቃት ልምምድ ላይ ይለካል፤ አሸናፊውን ማሽኑ ይናገራል። እንግዳ ቡድን የጫነ አውቶቡስ ወደ ከተማዋ መምጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኝ ደጀኔ ወጥ ቤት ሲገባ፣ ባለቤቱ ውድነሽ ድሮ ለእንግዳ ቡድን ብቻ የሚወጣውን ትልቁን ድስት ጥዳ አገኛት።

«ለሁለታችን ይሄን ሁሉ?»

«የጎረቤት ኮሌጁ አሰልጣኝ ሙላቱ ደውሎ ነበር። ልጆቹን ይዞልህ እየመጣ ነው።»

«ማን ፈቀደለት?»

«ማንም።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ሜዳው ላይ ሲጋፉ፣ ሲወድቁ፣ ሲሳሳቁ ዋሉ። ከደጀኔ ተጫዋቾች አንዷ ክርኗ ተልጦ፣ እያለከለከች ወደ እሱ መጣች።

«አሰልጣኝ፣ የሌላ ቡድን ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚገፋው?»

ደጀኔ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው።