የተደፋው አረፋ

የልጅ ልጇ ማዕድን ማጣሪያ ፋብሪካ ከተቀጠረች ወዲህ የአያትየዋ እጅ አርፎ አያውቅም። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ቱታዋን ተቀብላ ሳፋ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ የሚያብረቀርቀውን ግራጫ አረፋ በጣሳ እየገፈፈች ጓሮ ያለው ቦይ ውስጥ ትደፋዋለች።

"እማማ፣ እኛ እኮ አረፋውን አንደፋም!" ብላ ስቃባት ነበር ልጅቷ፣ ሥራ የጀመረች ሰሞን። "የተፈጨው ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አየር ሲነፋበት መዳቡ አረፋው ላይ ተጣብቆ ይወጣል። የምንፈልገው እሱን ነው። የሚጣለው ከሥር የሚቀረው ነው።"

"እሱን እዚያው ለፋብሪካችሁ! እኔ ቤት አረፋ ማለት እድፍ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ መጀመሪያ መሳቅ ተወች፤ ቀጥሎም ማውራት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ሌላ ነገር የለም። አያትየዋ "ምን ነካብኝ ልጄን?" እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ትውላለች፤ ቱታውን ግን ከፊተኛው አብልጣ ታሸዋለች።

ዛሬም አረፋውን ደፍታ ስትገባ ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ኧረ በሞቴ ተናገሪ!"

ልጅቷ ከንፈሯን እንኳ አላነቃነቀችም።

"እማማ" አለ የራሷ የልጅቷ ድምፅ፣ ከጓሮ፣ እንደ ድሮው እየሳቀ። "አረፋውን አንደፋም አላልኩሽም?"

አያትየዋ ጣሳውን አንስታ ስትሮጥ ሳቁ በቦዩ ወርዶ ወደ መንገዱ እየራቀ ነበር።