አስራ አንዱ የኑድል ሳህን

«ሌላ አምጡለት!» አለች ፕራኒ እጇን አንስታ...

ተክለጻድቅ ሆዱን ይዞ ሰዓቱን አየ። ቢሮው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

አምስተኛው ሳህን ፊቱ ተቀመጠ...

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1985 ነው። ቦታው ሳን ሆዜ፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት አንዲት የታይ ምግብ ቤት።

እዚያ ቤት ኑድል የሚቀርበው ሁለት ጉርሻ በማትሞላ ትንሽዬ ጎድጓዳ ሳህን ነው። አንዱን ትጨርሳለህ፣ ሌላውን ትሞክራለህ፣ ባዶውን ትደራርባለህ።

ተክለጻድቅ ሚልፒታስ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የጋበዘችው ፕራኒ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ናት፤ የታይላንድ ሰው፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ።

ሚስቱ የወርቅውሃ ካርቱም ናት። ሲለያት እርጉዝ ነበረች... አሁን አይቷት የማያውቅ የሦስት ወር ሴት ልጅ አለችው።

እነሱን ለማምጣት የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ሥራ እንዳለው የሚገልጽ፣ ፕራኒ የምትፈርምበት ሌተር።

ዛሬ የኢሚግሬሽን ቢሮው ሳይዘጋ ካልገባ ፋይሉ ወደሚቀጥለው ዙር ይገፋል።

ወረቀቱ የት ነው? ፕራኒ ቦርሳ ውስጥ!

«ታዲያ ለምን አይጠይቃትም?» ትሉ ይሆናል... አይ የኛ ነገር!

ገና ሲቀመጡ እኮ እስክሪብቶዋን አውጥታ ጠይቃዋለች።

«ቴክ፣ አሁን ልፈርምልህ?»

«ኖ፣ ኖ! ችግር የለም... መጀመሪያ ብዪ፣ ኋላ ይደርሳል።»

የጠበቀው ምን መሰላችሁ? «ኧረ በሞቴ! አሁኑኑ ነው የምፈርመው» እንድትለው ነዋ! አንዴ እምቢ ትላለህ፣ ትለመናለህ... ሁለቴ እምቢ ትላለህ፣ ትለመናለህ... በሦስተኛው እሺ ትላለህ። ያደገው እንደዚያ ነው።

ፕራኒ ግን ትክ ብላ አየችው...

«ኦኬ» አለች። ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ክው አለ!

አሁን ምን ይበላት? «አይ ያልኩሽ እሺ ለማለት ነው» ይባላል እንዴ?

ቶሎ ጨርሶ ሊያስነሳት ወሰነ። የመጀመሪያውን ሳህን ዋጥ አደረገ። ባዶ መሆኑን አየችና ሌላ አዘዘች። እሱንም ዋጥ። ሌላ መጣ...

ማስተረፍ ደግሞ ነውር መሰለው።

«ያቃጥልሃል?» አለችው።

«ኖ! እኛ እኮ በርበሬ በልተን ነው ያደግነው!» ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

በግራው ግድግዳ ነው። በቀኙ አንድ ግዙፍ ሰውዬ አግዳሚውን ሞልቶ ተቀምጧል። መኪና የለው፣ ወረቀቱ በእጁ የለ... ላብ አጠመቀው።

ስምንተኛው ሳህን... አርባ ደቂቃ ቀረው።

«ልጨምርልህ?»

«ኦኬ፣ ታንክ ዩ» አለ!

የሚፈልገውን አይ፣ የማይፈልገውን እሺ! እኔ እንኳን ስሰማው በግኛለሁ።

አስራ አንደኛው ሳህን ሲመጣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር የቀረው።

«በቃኝ!!!»

በአማርኛ ነው የጮኸው። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየው።

«ሚስቴ! ልጄ! ቱዴይ ነው የመጨረሻው ቀን! ቢሮው ሊዘጋ ነው... ፕሊስ ፈርሚልኝ!» እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ፕራኒ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ ፈረመችና እጁን ጎትታ ወደ መኪናዋ ሮጠች።

መንገድ ላይ ነው የተናገረችው...

«ባሌ እዚህ፣ እኔ ባንኮክ ሆኜ አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ወረቀት እየጨረሰልሽ ነው ይሉኝ ነበር። ኋላ ስሰማ፣ አሠሪዎቹ ‹እንፈርምልህ?› ሲሉት ‹ችግር የለም፣ ይደርሳል› ነበር የሚላቸው። ሊያመጣኝ አልፈለገም! አንተም ዛሬ እንደዚያ ስትለኝ... ሚስትህን ልትተዋት መሰለኝ።»

«ታዲያ... ያ ሁሉ ኑድል?»

«ተነስተህ እንዳትሄድብኝ ነዋ! ሳህኑ ባለቀ ቁጥር ያዘዝኩት ሐሳብህን እስክትቀይር ብዬ ነው። እንዳልጠይቅህ ደግሞ በሰው ትዳር መግባት ሆነብኝ...»

አያችሁ? እሱ አሰረችኝ ብሎ ሲጨነቅ፣ እሷ እዚያ ተቀምጣ ለማታውቃት ሴት እየተሟገተች ነበር።

ደረሱ?

ፍሪዌዩ በመኪና ተዘጋግቶ ነበር። ቢሮው ጋ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። ውስጥ ያለችው ሴትዮ በመስታወቱ አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች...

ፋይሉ ለሚቀጥለው ዙር ተገፋ።

የወርቅውሃ የመጣችው ከአስራ አራት ወር በኋላ ነው።

ኤርፖርት ፕራኒም አብራው ሄዳ ነበር። ልጅቷ በእግሯ እየሄደች ወጣች... ተክለጻድቅ ተንበርክኮ እጁን ሲዘረጋላት የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ባዳ ሰው ነዋ!

ዛሬ ኦክላንድ የሚኖሩት ጋሽ ተክለጻድቅ ይህን ሲያጫውቱኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ድክ ድክ ስትል ሳላይ የቀረሁት መንግሥት ከልክሎኝ አይደለም። የገዛ አፌ ነው የከለከለኝ።»

ወገኖቼ... ይሉኝታ ጨዋነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የምትወዱት ሰው እየጠበቃችሁ ከሆነ፣ «አዎ፣ እፈልጋለሁ፣ አሁኑኑ» ማለት ነውር አይደለም! የሚረዳችሁ ሰው ልባችሁን ማንበብ አይችልም፤ የሚሰማው ያላችሁትን ብቻ ነው።

እስቲ እናንተስ... በይሉኝታ ሳትናገሩት ቀርታችሁ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጫችሁ ነገር ምንድን ነው? ለማንስ ነበር መናገር የነበረባችሁ? 👇