የጉልበት ጾም

ሰርካለም በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ እናቷ ግንባሯን መሬት አስነክታ እዚያው ቀርታለች። ሰግዳ መነሣት አቅቷታል።

«ደግሞ ጀመርሽ?» አለች ሰርካለም። የውሃ ጀሪካኑን አስቀምጣ በብብቷ ሥር ገብታ አነሣቻት። በጥንቃቄ አልነበረም፤ እንደ እህል ጆንያ ጎትታ ነው መደቡ ላይ ያስቀመጠቻት።

«ቀስ! አጥንት ነው እኮ።»

«አጥንት መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅሽው?»

የእናቷ የወይዘሮ ጥሩሸዋ ጉልበት እንደ ቅል አብጧል። ከገና ወዲህ ያልሞከረችው የለም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ለጥፋበታለች፤ በሳማ አስገርፋዋለች፤ ጠበል አፍስሳበታለች። ሰርካለም ቅቤ አቅልጣ ልታሻት ስትል ግን እጇን መታቻት። ሁዳዴ ነው፤ በሁዳዴ ቅቤ ገላዋን አይነካም።

«ጉልበትሽም ይጾማል?» ብላት ነበር።

«ከኔ ጋር አይደል የሚኖረው!»

ያን ቀን ተሳስቀው ነበር። ኋላ ሰርካለም በአይሱዙ ሞላሌ ከተማ ሄዳ ከጤና ጣቢያው የቁርጥማት ኪኒን አመጣች። ነርሱ ደጋግሞ ነግሯታል፤ እህል ሳይቀመስ አይዋጥም። እሷም ለእናቷ ደጋግማ ነገረች። ጥሩሸዋ ግን የራሷን ሕግ አወጣች። ኪኒን ምግብ አይደለም፤ ጾም አይሽርም። ስለዚህ ማለዳ በጠበል ትውጠዋለች፤ እህል የምትቀምሰው ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሕመሙ ቀለል ሲልላት ስግደቱን ጨመረችበት። ባለፈው ሳምንት እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ደም አስመለሳት። በቃሬዛ ነው ሞላሌ የደረሰችው።

«ጠዋት ካልበላች ኪኒኑን እንዳታሳያት» አለ ነርሱ፣ የሆድ መድኃኒት እየሰጣት። «ሁለተኛ ከደማች እዚህ አትደርስም።»

ሰርካለም ደብቃው ነበር። ይኸው ኪኒኑን የቋጠረችበት ፌስታል ተፈቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል። የጠበሉ ጠርሙስም አጠገቡ ነው። ጠዋት ጋግራ የተወችላት ቂጣ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ፌስታሉን መልሳ ቋጠረችው። ደግነቱ የነፍስ አባታቸውን አስጠርታለች፤ የሳቸውን ቃል እንኳ አትጥልም ብላ ነው። አባ መልከ ጼዴቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው ገቡ። መስቀል አሳለሟቸውና ከመደቡ ጫፍ፣ እያቃሰቱ፣ ተቀመጡ።

«ጥሩሸዋ፣ እንድትበዪ ፈትቼሽ አልነበረም?»

«ፈትተውኛል፣ አባቴ።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ቢፈቱኝ እኔ ራሴን አልፈታሁማ።»

አባ መቋሚያውን መሬት ላይ መቱት። «አንቺ ሴት! ሥልጣኑ የኔ ነው ወይስ ያንቺ? በሽተኛ ይብላ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ከሷ ልትበልጪ ነው? ይሄ ጾም አይደለም፤ እልህ ነው!»

ጥሩሸዋ አንገቷን ደፋች። ሰርካለም ልቧ ቅቤ ጠጣ። ግን እናቷ ቀና ስትል ዓይኗ ያረፈው በአባ እጅ ላይ ነው። መቋሚያውን የጨበጡት ጣቶች አንጓ አንጓቸው አብጦ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል።

«እርስዎስ?» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያው ኪኒን ይወስዱ የለ? ይቺው ናት ያመጣችልዎ።»

አባ ጣቶቻቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሸሸጉ።

«በምን ይውጡታል፣ አባቴ? በቁርስ?»

ሰርካለም ዞራ አየቻቸው። ለሳቸውም ነግራቸዋለች፤ አንድ ቃል ሳታጎድል። አባ ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ።

«እኔ ካህን ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ካህን ሆድ የለውም?» አለች ሰርካለም።

የገዛ ድምጿ አስደነገጣት፤ ግን አላቆመችም። «ቃሬዛውን ስንሸከም ከፊት ከፊት እየጸለዩ የሄዱት እርስዎ አልነበሩም? ደሙን በዓይንዎ አላዩም?»

«አንቺ! ለካህን ነው እንዲህ የምትናገሪው?» አለች እናቷ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! ተያይዛችሁ ልትሞቱ ነው። ሙሾ አውራጇ እኔ፣ ተዝካር ደጋሿ እኔ!» ቂጣውን አንሥታ የአባ ጭን ላይ ጣለችው። «ይብሉ። ቃልዎን አትሰማም፤ እሷ የምታየው ጉሮሮዎን ነው። ፊቷ ይብሉ!»

አባ ቂጣውን ይዘው ወደ ደጅ አዩ። ሰሞኑ፣ የቅዳሴ ተራው፣ የሳቸው አይደለም፤ ቢበሉ ቅዳሴ አይታጎልም። ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤታቸው ኮከቤ ደጇ ላይ ገብስ እያበጠረች በአንድ ዓይኗ ወደዚህ ታያለች። ካህኑ በሁዳዴ በጠዋት እህል ቀመሱ የሚለው ወሬ ከማታ በፊት አጥቢያውን ያዳርሳል።

«በሩን መልሺው» አሉ አባ።

«አልመልስም።»

አዩዋት። ይቆጣሉ፣ ወይም ተነሥተው ይወጣሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን በቂጣው ላይ አማተቡና ጠርዙን ነከሱ። የመንጋጋ ጥርስ ስለሌላቸው ደጋግመው አላመጡት። ጥሩሸዋ በጥፊ የተመታች መሰለች።

«ተዉ አባቴ! በኔ የተነሣ!»

«ባንቺ የተነሣ ነው» አሉ አፋቸው እንደሞላ፣ በቁጣ። «ለብቻዬ ልታበዪኝ ነው?»

ቂጣውን ዘረጉላት። ጥሩሸዋ ወደ በሩ አየች፤ ወደ ልጇ አየች። ከዚያ እጇን ሰደደች። እሷ በአንድ ወገን፣ እሳቸው በሌላ ወገን ይዘው ሳቡት። የአባ የማይታጠፉ ጣቶች ይንሸራተታሉ፤ የገብስ ቂጣው አልቆረስ አለ።

ሰርካለም ክንዷን አጣጥፋ ቆመች። ጥርሷን እንደነከሰች ነው። አልረዳቻቸውም። እስኪቆረስ ድረስ ቆማ ጠበቀች።